ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም፦ የሕፃናት ወተት ለሚፈቅዱ፣ ለሚያስመጡና ለሚሸጡ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ የሕፃናት የዱቄት ወተት ወደ አገር እንዲገባ ለምትፈቅዱ፣ ለምታስመጡና ለምትሸጡ ሁሉ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይህን የምጽፈው የመንታ ልጆች እናት ሆኜ ነው። ሙያዬ ኬሚስትሪ ማስተማር ነው። ከእኔ ጋር ልጆቻቸውን በሙሉም ሆነ በከፊል በፎርሙላ፣ ማለትም በሕፃናት የዱቄት ወተት፣ የሚያሳድጉ እናቶች አሉ። ገሚሶቹ እንደኔ መንታ ወልደው ወተታቸው አልበቃ ያላቸው ናቸው። አንዷ የካንሰር ሕክምና ላይ ናት፣ ማጥባት ተከልክላለች። አንዷ ደግሞ ልጇ በወሊድ የሞተችባት አያት ናት፤ በዚህ ዕድሜዋ ሌሊት እየተነሳች ጡጦ የምታፈላ። የማቀርበው የሁላችንንም ጥያቄ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ቀላል ጥያቄ ነበር። ከወራት በፊት ለአንድ አስመጪ ድርጅትና ለአንድ የመንግሥት ቢሮ ደብዳቤ ጻፍን። የጠየቅነው ይህን ብቻ ነው፦ ጣሳው ውስጥ ያለው ዘይት ከምን የተገኘ ነው፣ እንዴትስ ተሠራ? ከአስመጪው በስልክ የመጣልን መልስ «እህቴ፣ ዘይት ያው ዘይት ነው፤ ልጆችሽ ከጠጡልሽ ምን ቸገረሽ?» የሚል ነበር። ቢሮው ደብዳቤያችንን ተቀብሎ ማኅተም መታበት። ሦስት ጊዜ ተመላልሰናል። ሦስቱንም ጊዜ «እየታየ ነው» ተባልን። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም።

ስለዚህ በአደባባይ ለመጻፍ ወሰንን።

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ከጡት ወተት የሚበልጥ የለም፣ ይህን ማንም እንዲነግረን አያስፈልግም። የሚችል ሁሉ ያጥባ። በአገራችን በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት 59 በመቶው የእናት ጡት ብቻ ነበር የሚጠቡት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ደግሞ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ይሰጣል፤ እሱ ስድስት ወር አይሞላም፣ ቢሮ የምትሠራ እናት ከዚያ በኋላ ምን ታድርግ? ይህ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ፎርሙላ ግድ ስለሆነባቸው ልጆች ነው። እነሱም ልጆች ናቸው፣ የሚጠጡት ነገር ሊታወቅላቸው ይገባል።

እሺ፣ ዘይት ያው ዘይት ነው ወይ? አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ላስረዳ፤ ምክንያቱም ይህን ሳይረዱ ፈቃድ የሚሰጡና የሚሸጡ ሰዎች እንዳሉ በደንብ አይተናል።

ጡት የሚጠባ ሕፃን ከሚያገኘው ጉልበት ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከስብ ነው። ፎርሙላ ሲሠራ አብዛኛውን ጊዜ የላም ወተቱ ቅባት ይወጣና በቦታው የአትክልት ዘይቶች ድብልቅ ይገባል፤ ሱፍ፣ አኩሪ አተር፣ ኮኮናት፣ ፓልም። ፓልም የሚገባው ፓልሚቲክ አሲድ ስላለው ነው። ይህ ፋቲ አሲድ (ስብ ከሚሠራባቸው ክፍሎች አንዱ) በእናት ወተት ስብ ውስጥም ካሉት ፋቲ አሲዶች ከ20 እስከ 25 በመቶ ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው፣ ቁጥሩ ይገጥማል።

የማይገጥመው አቀማመጡ ነው። ለተማሪዎቼ የማስረዳበት መንገድ አለኝ። ሦስት ተማሪ የሚይዘውን የእንጨት ዴስክ አስቡት። የስብ ሞለኪውል ማለት እንደዚያ ነው። ዴስኩ ግሊሰሮል ይባላል፣ ሦስቱ ተማሪዎች ፋቲ አሲዶች ናቸው፤ ሁለቱ ዳር ዳር፣ አንዱ መሃል። ምግብ ሲፈጭ ከቆሽት የሚመጣው ላይፔዝ የሚባለው ኢንዛይም (የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ንጥረ ነገር) ዳር ያሉትን ሁለቱን ያስነሳቸዋል። መሃል ያለው ግን ከዴስኩ ሳይነሳ በአንጀት ግድግዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል።

በእናት ወተት ውስጥ ካለው ፓልሚቲክ አሲድ ከ60 እስከ 70 በመቶ ያህሉ የተቀመጠው መሃል ነው። በፓልም ዘይት ውስጥ ደግሞ አብዛኛው ዳር ነው ያለው። ስለዚህ ሁለቱን በመጠን ብቻ ብትመዝኗቸው ይመሳሰላሉ፣ ሕፃኑ ሆድ ውስጥ ሲገቡ ግን ይለያያሉ። ዳር የነበረው ፓልሚቲክ ሲነሳ አንጀት ውስጥ ብቻውን ይቀራል። እዚያ ካልሲየም ያገኘዋል። ሁለቱ ሲያያዙ ሳሙና ይሆናሉ። ለማጋነን አይደለም፣ በኬሚስትሪ ቋንቋ በትክክል ሳሙና ነው። በጠጣር የጉድጓድ ውሃ ልብስ ያጠበ ሰው ያውቀዋል፤ ሳሙናው አረፋ አልይዝ ብሎ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል። ሕፃኑ ሆድ ውስጥም እንዲያ ነው። ካካው ይጠነክራል። የተወሰነው ስብና ካልሲየምም ሳይጠቅመው አብሮ ይወጣል።

ወንዱ ልጄ በሁለተኛ ወሩ ሲያምጥ ፊቱ ቀልቶ ያለቅስ ነበር። እናቴ «አብሽ ውሃ ስጪው» አለችኝ። ጎረቤት «ቅቤ አስልሺው» አለች። ሐኪሙ ሁለቱንም ከለከለኝና ወተቱን ቀይሪ አለኝ። ወደ የትኛው? እሱም አላወቀም። ፋርማሲ ውስጥ ቆሜ የአምስት ጣሳ ጀርባ አነበብኩ። እንግሊዝኛ አለ፣ ፈረንሳይኛ አለ፣ ዓረብኛ አለ። አማርኛ የለም። እኔ ቢያንስ እንግሊዝኛውንም ኬሚስትሪውንም አውቃለሁ፤ ያም ሆኖ በሁለቱ ላይ «የአትክልት ዘይቶች» ከሚል በቀር ምንም አላገኘሁም። ያቺ የልጅ ልጇን የምታሳድገው አያት ምን ታንብብ?

አሁን ወደ ኢንዛይሙ ልምጣ፤ የጥያቄያችን እምብርት እሱ ነው።

ይህን የአቀማመጥ ችግር ለመፍታት የምግብ ኢንዱስትሪው ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ መላ አግኝቷል። በፓልም ዘይት ውስጥ ያለው ጠጣሩ ክፍል ለብቻው ይወጣል። እሱ ሦስቱም ቦታ ላይ ፓልሚቲክ የተቀመጠበት ዴስክ ሞልቶታል። ከዚያ ከሱፍ ዓይነት ዘይት የተገኘ፣ ኦሌይክ አሲድ የሚባል ሌላ ፋቲ አሲድ ይጨመርበታል። ከዚያ ላይፔዙ ይገባል። የዚህ ላይፔዝ ጥበብ ዳር ዳሩን ብቻ መንካቱ ነው። ሁለቱን ዳር ያሉ ፓልሚቲኮች አስነስቶ በቦታቸው ኦሌይክ ያስቀምጣል፣ መሃሉን አይነካም። ውጤቱ በሙያው ኦፒኦ ይባላል፤ ኦሌይክ፣ ፓልሚቲክ፣ ኦሌይክ እንደማለት። ከእናት ወተት ስብ ዋና ዋና መልኮች አንዱ ይህ ነው። በተራ ኬሚካል ቢሠራ ፋቲ አሲዶቹ ያለ ሥርዓት ይደበላለቃሉ፣ መሃሉም ይነካል። ኢንዛይሙ ግን ይመርጣል። እኔ በበኩሌ ይህን ሳነብ እንደ መምህርት ልቤ ነው የተነካው፤ የቆሽታችን ላይፔዝ በሚሠራበት በዚያው ደንብ ተጠቅመው ለሕፃን የሚሆን ስብ መሥራታቸው ግሩም ነገር ነው።

ይህ በላብራቶሪ የቀረ ነገርም አይደለም። በኔዘርላንድ ሎደርስ ክሮክላን የተባለው ድርጅት ቤታፖል የሚባል እንዲህ ያለ ስብ ለገበያ አቀረበ። በእስራኤል ኢንዛይሞቴክ የተባለው ድርጅት ኢንፋት የሚባለውን ተመሳሳይ ስብ ሠራ፣ ከስዊድኑ የዘይት ድርጅት አአክ ጋርም አብሮ ሸጠው። ቻይና በ2008 እ.ኤ.አ. ኦፒኦን ለሕፃናት ምግብ ፈቀደች፤ እዚያ ዛሬ ጣሳው ላይ በትልቁ ይጻፋል። እኛ ጋ ግን ከሚገቡት ጣሳዎች የትኛው ውስጥ እንዳለ፣ የትኛው ውስጥ እንደሌለ፣ ካለስ ምን ያህል እንደሆነ የሚነግረን የለም።

ዝምታው ምን እንዳደረሰ ከራሳችን መካከል ጥቂት ልንገራችሁ።

አንዲት እናት የልጇ ጣሳ ላይ ፓልም የሚለውን ቃል ፈልጋ አገኘች። ፓልም ስትሰማ የታያት ኩሽና ያለው የሚረጋው ዘይት ነው። ስለዚያ ዘይት ስንት ነገር እንደተወራ ታውቃላችሁ። ደነገጠች። ልጁን ከዚያ ስብ ላድነው ብላ ዱቄቱን አሳንሳ በብዙ ውሃ ማቅጠን ጀመረች። ልጁ ክብደት መጨመር አቆመ። ጤና ጣቢያ ስታስመዝነው ነው የታወቀው። ማንም በአማርኛ ሁለት መስመር ጽፎላት ቢሆን ይህ አይሆንም ነበር፦ «ስቡ ለልጅዎ ያስፈልገዋል፣ መጠኑን አይቀንሱ።»

ሌላዋ ኢንዛይሙ ከሻጋታ እንደሚገኝ ሰማች። እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚውለው ራይዞሙኮር ሚሄይ ከሚባል ሻጋታ የሚገኝ ላይፔዝ ነው። እሷ ግን የታያት እንጀራ ላይ የሚወጣው አረንጓዴ ሻጋታ ነው። ግሩፓችን ውስጥ «ለልጆቻችን ሻጋታ እያጠጡን ነው» ብላ ጻፈች፣ በአንድ ሌሊት ስንቱ ጋ ደረሰ መሰላችሁ። ኢንዛይሙ በጥቃቅን እንክብሎች ላይ ተጣብቆ እንደሚሠራ፣ ዘይቱ በላዩ አልፎ እንደሚጣራ፣ የተረፈው ፋቲ አሲድም ተለይቶ እንደሚወጣ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያው ሻጋታ የሚገኝ ሌላ ኢንዛይም ቺዝ ለማርጋት እንደሚያገለግል ነገርኳቸው። እርሾ አስቀምጠን እንጀራ የምንጋግር ሰዎች ነን፣ ሲነገረን ይገባናል። ግን ይህን ማስረዳት የእኔ ሥራ ነበር? ሌሊት በሰባት ሰዓት፣ አንድ ልጅ እያጠባሁ፣ አንዱን እያባበልኩ?

ሦስተኛው ጉዳይ ሃይማኖትን ይነካል፣ ስለዚህ በጥንቃቄ አንብቡልኝ። በተፈጥሮው ፓልሚቲክን መሃል ላይ ያስቀመጠ ሌላ ስብ አለ፤ የአሳማ ስብ። በውጭ አገር በዚህ ምክንያት በሕፃናት ወተት ውስጥ የገባበት ጊዜ ነበር። በኢንዛይም የሚሠራው ስብ አንዱ ጥቅሙም ይኸው ነው፣ ከአትክልት ዘይት ተነስቶ እዚያው ይደርሳል። መካከላችን ሙስሊም እናቶች አሉ፣ ኦርቶዶክስ እናቶች አሉ። አንዷ ለልጇ የምትሰጠው ስብ ከእንስሳ ይሁን ከአትክልት ጠየቀች። ሻጩ «ሃላል ነው፣ አታስቢ» አላት። ከየት አወቀ? ጣሳው ላይ ፈልጎ ማሳየት አልቻለም። ይህን ጥያቄ በቃል ማረጋጋት አይበቃም።

አራተኛው ዋጋ ነው። እዚህ ላይ በጣም ተናድጃለሁ፣ አልደብቅም። አንድ ፋርማሲ ውስጥ ሻጯ ከሌሎቹ በጣም የሚወደደውን ጣሳ አንስታ «ይሄ እህቴ ልክ እንደ እናት ጡት ነው፣ ስቡ ራሱ የእናት ነው» አለችኝ። የሁለት ልጆች የወር ወተት ከደመወዜ ይበልጣል። ያን ጊዜ ደግሞ ልጄ እያማጠ ያለቅስ ነበር። ተበድሬ ገዛሁ። በኋላ ቤት ገብቼ ሳነበው ስለ ስቡ አቀማመጥ አንድም ቃል የለበትም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 እ.ኤ.አ. ያወጣው የጡት ወተት ምትክ ግብይት ደንብ ፎርሙላን ሰውኛ የሚያስመስሉ ቃላት መለያው ላይ እንዳይጻፉ ይከለክላል። ደንቡ የወጣው እንደኔ ያለች የጨነቃት እናት በቃል እንዳትታለል ነው። መለያው ላይ የተከለከለው ቃል ባንኮኒው ላይ በአፍ እየተነገረ ነው፣ ማንም አይቆጣጠርም።

የኦፒኦን ጥቅምም እንደ ሻጮቹ አጋንኜ መናገር አልፈልግም። ያገኘሁትን በሐቅ ልናገር። በእንግሊዝ ተደርጎ በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ጊዜያቸውን ጠብቀው የተወለዱ ሕፃናትን አወዳድሮ፣ ይህን ስብ ያገኙት ካካቸው የለሰለሰ፣ ሳሙናውም ያነሰ፣ በ12ኛ ሳምንታቸው የአጥንታቸው ማዕድን የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። በሌላ በኩል የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2014 እ.ኤ.አ. ማስረጃዎቹን ገምግሞ ፓልሚቲክን መሃል ላይ ማድረግ ለሕፃናት ጥቅም እንዳለው የሚያሳምን ማስረጃ የለም ብሏል። ሁለቱንም አንብቤአለሁ። የእኔ ግምት ካካን በማለስለስ በኩል የሚታይ ነገር አለ፣ ከዚያ በላይ ያለው ግን ገና ነው የሚል ነው። በዚያ ላይ ያለ ኦፒኦ ፓልምን ቀንሶ ወይም ትቶ የተሠራ ወተትም የሆድ ድርቀቱን ሊያቀልል ይችላል፤ የእኔ ልጅ የዳነው በእንዲያ ያለ ርካሽ ጣሳ ነው። ይህን ማወቅ ለእኛ ገንዘብ ነው። የተበደርኩትን ገና ከፍዬ አልጨረስኩም።

የእናት ወተት ስብ ደግሞ ኦፒኦ ብቻ አይደለም። በውስጡ ብዙ ዓይነት ስብ አለ፣ የስቡን እንክብል የሚሸፍን ስስ ሽፋን አለ፣ ስቡን ለመፍጨት የሚያግዝ የራሱ ላይፔዝ ሳይቀር አለው። ጡት ኢንዛይሙን ጭምር ነው ለልጁ የሚሰጠው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ስብ ስለተሠራ ብቻ «የእናት ነው» ማለት ውሸት ነው። ጥሩ ሥራ ነው፣ ግን ያ አይደለም።

አምስተኛው እጥረቱ ነው። አንድ ዓይነት ወተት ለሁለት ወር ይገኝና ይጠፋል። ያኔ ያገኘነውን እንገዛለን፣ ወይ ከዱባይ ለሚመጣ ሰው በሻንጣ እናስመጣለን። እነዚያ ጣሳዎች በማንም አላለፉም። ሙቀት ውስጥ ይክረሙ አይክረሙ ማን ያውቃል? ዘይት ደግሞ ሙቀት ላይ ይበላሻል። ይህን ስል ሰዎቹን እየከሰስኩ አይደለም፣ ሕፃን የራበው ሰው ያደርገዋል። እኔም አድርጌዋለሁ።

እንግዲህ የምንጠይቃችሁ ይህ ነው።

በመጀመሪያ በእያንዳንዱ የሕፃናት ወተት ጣሳ ላይ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሌሎች ቋንቋዎቻችን የሚለጠፍ ወይም አብሮ የሚገባ ጽሑፍ ይኑር። ዘይቱ ከምን ከምን እንደተገኘ በስሙ ይዘርዝር። ከእንስሳ የተገኘ ስብ ካለ የየትኛው እንስሳ እንደሆነ ይጻፍ። በኢንዛይም የተሠራ ስብ ካለ መኖሩና ከጠቅላላው ስብ ምን ያህል እንደሆነ ይነገረን። አምራቾቹ ይህን ያውቁታል፤ ለመፈቀድ ሲያመለክቱ ጠይቋቸው፣ ከዚያ ለእኛም ንገሩን።

አስመጪዎችና ፋርማሲዎች ደግሞ «እንደ እናት ጡት» የሚለውን ንግግር አቁሙ። ሻጮቻችሁን አስተምሩ። የማያውቁትን «አላውቅም» ቢሉን አንቆጣም።

ተቆጣጣሪዎች፣ ባንኮኒው ላይ የሚባለውንም ስሙ። አንድ ቀን እንደ ገዢ ሆናችሁ ሕፃን ይዛችሁ ግቡ፣ የምለውን ትሰማላችሁ።

ጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ ፎርሙላ ስብ ለሚጠይቋቸው እናቶች የሚመልሱበት አንድ ገጽ ወረቀት ይዘጋጅላቸው። ጽሑፉን ለማዘጋጀት እኛ ያለ ክፍያ እናግዛለን፤ ከመካከላችን ነርስም፣ የምግብ ምህንድስና የተማረችም አለች።

አንድ ወተት ከገበያ የሚጠፋ ከሆነ አስቀድማችሁ አሳውቁን፣ በምን መተካት እንደሚቻልም ንገሩን።

በመጨረሻም ማኅተም የተመታበት ደብዳቤያችን እጃችሁ ላይ አለ። መልሱን በጽሑፍ እንፈልጋለን። በስልክ የሚነገረንን ለሌሎች እናቶች ማሳየት አንችልም።

ከአክብሮት ጋር፣

የመንታ ልጆች እናትና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህርት፣
ልጆቻቸውን በፎርሙላ በሚያሳድጉ እናቶችና አያቶች ስም
አዲስ አበባ